ጧሪ ቀባሪ አለዎት?

እናቴ "ጧሪ ቀባሪ የለኝም" የሚለውን ቃል ከአፏ አውጥታ አታውቅም። እንድትለው ያዘዟት፣ የለመኗትና የቀለዱባት ሰዎች ነበሩ። የምጽፈው ስለ እነሱ ነው። ስም አልጠራም። አንዳንዶቹ በሕይወት አሉ፤ የሌሎቹ ልጆች ደህና ሰዎች ናቸው።

የምንኖረው ካዛንቺስ ነበር፣ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ፣ በቀበሌ ቤት። እኔ ከእነዚያ ሆቴሎች በአንዱ ላውንደሪ ክፍል ብዙ ዘመን ሠርቼ፣ ሆቴሉ ወደ ግል ሲዞር ከተቀነሱት ጋር ተቀነስኩ። ባል ነበረኝ፤ ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም። ከዚያ በኋላ በከሰል ካውያ የሰው ልብስ እየተኮስኩ፣ መስቀል ፍላወር አካባቢ ላሉ ማረፊያ ቤቶች አንሶላ በጭንቅላቴ እያመላለስኩ እንኖር ነበር። እናቴ ጥልፍ ጠላፊ ነበረች። የሐበሻ ቀሚስ ደረት ላይ የጠለፈችውን መስቀል ጀርባውን ገልብጠው ቢያዩት ቋጠሮ አይገኝበትም። ባለሙያ ነን የሚሉ ሴቶች እየገለበጡ ፈልገው አጥተው ሲመልሱ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ክር ወደ መርፌ ማስገባት አቃታት። የዕድሜ ነው አልን። ቀጥሎ ከጎኗ ያለውን ነገር መግጨት ጀመረች። የበሩን መቃን በትከሻዋ ትመታለች፣ አጠገቧ ያስቀመጥኩትን የሻይ ብርጭቆ በክርኗ ትደፋለች። ፊት ለፊቷ ያለውን ግን ጥርት አድርጋ ታያለች፤ ከማዶ የሚመጣውን ሰው በአረማመዱ ትለያለች። ስለዚህ ዓይን ነው ብለን አልጠረጠርንም። "ምን ቀልቤን ነሳኝ" እያለች ራሷን ትወቅስ ነበር።

አንድ ቀን ከመንገዱ ዳር ቆማ ሳለ የመጣባትን ታክሲ ሳታየው ቀርታ፣ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ እየተሳደበ አለፈ። በማግስቱ የመንግሥት ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሕትና ያለው። የዓይን ግፊት ነው አለን። "ይህ በሽታ ከዳር ከዳር እየበላ ነው የሚመጣው እማማ። የበላውን አይመልስም። የቀረውን ግን በጠብታ ማቆየት ይቻላል፤ ቀዶ ሕክምናም አለ። ብቻ ቶሎ ይሁን።" የሚከፈለውን ሲነግሩን ሁለታችንም ዝም አልን። ካርድ ክፍል ያለችው ሴት ይህን ዓይነቱን ዝምታ ለምዳዋለች መሰለኝ፣ ቀና ሳትል "ከቀበሌ የነፃ ሕክምና ደብዳቤ አምጡ" አለችን። ደስ ብሎን ወጣን። ድህነታችንን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ይህን ጻፉልን ብንል ማን እምቢ ይላል ብለን ነው።

ቀበሌው ነፃ ሕክምና የሚገባውንና የማይገባውን የሚለይ ኮሚቴ ነበረው። ሰብሳቢው የሰፈራችን ልጅ ነው። ከወንድሜ ጋር አብሮ ያደገ፣ ቤታችን ውሎ ቤታችን የበላ፣ የሚስቱን የሠርግ ቀሚስ እናቴ የጠለፈችለት ሰው ነው።

ወንድሜን ካነሳሁ ይህንን ማለት አለብኝ። በደርግ ጊዜ ወደ ጦርነቱ ሄዶ አልተመለሰም። ከመሄዱ በፊት በነበረው ሰሞን በሆነ ነገር ተጣልተው፣ እናቴ በንዴት "እንደ አንተ ያለ ልጅ የለኝም" ብላው ነበር። መርዶው ሲመጣ ከሁሉም አብልጣ ያለቀሰችው በዚያች ቃል ነው። "አፌ በላው፣ አፌ በላው" እያለች ፊቷን ስትነጭ እጇን ይዟት የነበረው ይኸው ጓደኛው፣ የኋላው ሰብሳቢ ነው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ስለ ልጅ ክፉ ቃል አትናገርም። "የለም" የሚለውን ቃል እንኳ ከእኔ ስም ጋር አታገናኝም። ሰው መጥቶ ቤት መኖሬን ሲጠይቃት "ወጣ ብላለች" ትላለች እንጂ "የለችም" አትልም።

ኮሚቴው ቤታችንን ሊያይ የመጣ ዕለት ሦስት ሆነው ገቡ። እናቴ እንግዳ መጣ ብላ ነጠላዋን ቀይራ ተቀምጣለች። ሻይ አፈላሁ። ሰብሳቢው ቤቱን አላየም፤ ያውቀዋል። ብዕሩን አውጥቶ ጠየቃት።

"እማማ፣ እንግዲህ መቼም ሥርዓት ነው። ጧሪ ቀባሪ አለዎት ወይስ የለዎትም?"

እናቴ መጀመሪያ የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

"ምን ማለትህ ነው? ይቺ እኮ ልጄ ናት። ብርጭቆ ይዛ ቆማ እያየሃት?"

"እሱማ አውቃለሁ እማማ፣ ለወረቀቱ ነው።"

"ለወረቀት ብዬ ልጄን ላሟርትባት? አለኝ! ጧሪም ቀባሪም አለችኝ፣ ምን ጎድሎብኝ። ምላሴ ይቆረጥ።"

ከሦስቱ አንዷ፣ ከሌላ ሰፈር የመጣች ሴት፣ "እንዲህ ነው እናት" ብላ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። ጻፈ። እኔ ብርጭቆዎቹን እንደያዝኩ "እሷ ያለችውን አትጻፍ፣ እኔ ሥራ የለኝም፣ ታውቃለህ" ብለው፣ "እኔ የምጽፈው ባለጉዳይዋ ያለችውን ነው" አለኝ። ሻዩን ጠጥተው ወጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤቱ ተለጠፈ። ጧሪ ስላላቸው አይመለከታቸውም ይላል።

ሳያውቅ ቢሆን ኖሮ ይቅር እለው ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ ሹም ቢሆን ኖሮ፣ አማርኛችንን የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ። እሱ ግን ለምን እንደማትለው ከእኔ እኩል ያውቃል።

ቅሬታ አቀረብኩ። ቅሬታ የሚሰማው ከቀበሌው በላይ ያለ ቢሮ ነው፤ ከእኛ ቤት ወደ ቂርቆስ በኩል በእግር የሚደረስ። ማክሰኞ ማክሰኞ ይሰበሰባሉ ተባልን። የመጀመሪያው ማክሰኞ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። የሚቀጥለው ሥልጠና ሄደዋል። ከዚያ ግምገማ ነው። ከዚያ ከአባላቱ አንዱ ተዛውሮ ምትኩ ስላልተመደበ ኮሚቴው አልተሟላም። "ምልዓተ ጉባኤ" የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ባለጉዳዩ የሚጠብቀው ኮሪደር ውስጥ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር፣ ፊት ለፊቱ እስከ ወገቡ አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳ። አብሮን የሚመላለስ አንድ የወሎ ሰው ነበር፣ ወሎ ሰፈር የሚኖር ልብስ ሰፊ፣ ደረቱን የሚያመው። እሱ ባይኖር ያንን ወንበር የምንችለው አይመስለኝም።

"ወላሂ እኔ ጤነኛ ሆኜ ነበር የመጣሁት" ይላል። "የነፃ ሕክምና ወረቀት ፍለጋ ስመላለስ ነው የታመምኩት።"

እናቴ ታሾፍበታለች። "አንተ ልብስ የምትሰፋው በእግርህ ነው። እንዲህ ብትመላለስ ለሥራህ ይጠቅምሃል።"

"በእግሬ? መኪናዋ ናት በእግር የምትረገጥ፣ እኔ በጭንቅላቴ ነው የምሰፋው እማማ።"

"ለዚህ ነዋ እጅጌው የሚጣመመው!"

እየሳቀ ያስላል። ሲያስል እናቴ ፊቷን ታዞራለች፤ ሰው ሲያስል ማየት ነውር ይመስላት ነበር። በዚህ መሀል ቀበሌዎችን የማዋሃድ ሥራ መጣ። የእኛ ቀበሌ ከጎረቤቱ ጋር ተቀላቀለ፤ ጠረጴዛና መዝገብ በጋሪ ተጫነ። ቅሬታችን ከቀበሌው አንድ ማስረጃ ያስፈልገው ነበር፤ ማስረጃው ተጻፈ፣ ግን አሮጌው ማኅተም ተሰብስቧል፣ አዲሱ ተቀርጾ አልመጣም። ያለ ማኅተም ደግሞ ወረቀት አይደለም። ይህ ሲነገረን ልብስ ሰፊው ለጸሐፊዋ "ማኅተም በክር አይሠራም እንጂ እኔና እማማ ባንድ ቀን አድርሰን እንሰጥሽ ነበር" አላት። ጸሐፊዋ ሳቀች። ማኅተሙ ግን የመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው።

ክረምቱን አንድ ብልቃጥ ጠብታ ገዝተን ነበር። ለሁለቱም ዓይን ከተደረገ ቶሎ ያልቃል። እናቴ ራሷ ወሰነች፤ "ለተሻለው ብቻ አድርጊ" አለችኝ። ቀኙን ተውነው። ጠዋት ጠዋት ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ስታዘነብል፣ ያልተነካው ዓይኗም አብሮ ተገልጦ ይጠብቀኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን አገሯ ሰሜን ሄዳ እህቷን ማየት ፈለገች። "ፊቷን እያየሁ ሳለ ልያት" አለችኝ። ጸሐፊዋን ጠየቅሁ። "ማለቴ፣ መሄድ ይችላሉ እትዬ፤ ግን ስማቸው ተጠርቶ ከሌሉ ጉዳዩ ይዘጋል። ከተዘጋ በቃ፣ እንደ አዲስ ነው" አለችኝ። ማክሰኞ ይጠሩ ይሆናል ብለን ቀረን። የሚቀጥለውም ማክሰኞ ይጠሩ ይሆናል ብለን ቀረን። ስለ መንገዱ ማንሳቱንም በኋላ ተወችው። ሐኪሙ ያለው እውነት ከነበረ፣ እናቴ የቀራትን ብርሃን እንደ ገንዘብ የምታጠፋበት ጊዜ ያ ነበር። እህቷን፣ የምትወደውን ተራራ፣ ሌላ ደግ ነገር ማየት ትችል ነበር። አረንጓዴ ግድግዳ አየችበት። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስሟ የተጠራ ዕለት ልብስ ሰፊው አልመጣም። ያለፈውም ማክሰኞ አልነበረም። እናቴ "ምን ሆኖ ይሆን" አለች። እኔ ወንበሩ ላይ ቦታ ስለተገኘ ነጠላዬን አነጠፍኩ። ጠይቄ ቤቱን ማግኘት አያቅተኝም ነበር፤ ወሎ ሰፈር ልብስ ሰፊ የሚያጣ ሰው የለም። አልጠየቅሁም።

ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። የምትጠይቀው ወጣት ሴት ናት፣ ሥራዋን የምትወድ፣ ችኩል።

"እማማ፣ እንደምን ዋሉ? በቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለችው። ጧሪ አለዎት፣ የለዎትም?"

"ልጅ አለችኝ።"

"ልጅ አላልኩም እማማ፣ ጧሪ። ማለቴ የሚያኖርዎት።"

"ልጅ ካለ ጧሪ አለ። ምን ልዩነት አለው የኔ ልጅ? አንቺ እናት የለሽም?"

"አለችኝ።"

"እሷን ጠይቀሽ ጧሪ የለኝም ብትልሽ ደስ ይልሻል?"

ሁለቱ ወንዶች ሳቁ። ልጅቷም ሳቀች፤ "ኧረ እማማ እኔኑ ከሰሱኝ!" አለች። ከዚያ መለስ ብላ፣ "አየሽ፣ እሳቸው አለኝ ካሉ እኛ የለዎትም ማለት አንችልም" አለችኝ።

ተነሳሁ። ያልኩት በቤት ያሰብኩት አልነበረም። "እኔ አልጦርኳትም" አልኩ። "ጻፉት። አንሶላ ተኩሼ የማመጣው ለእራት ነው የሚበቃው። እኔ ልጅ ነኝ፣ ጧሪ አይደለሁም። ብትሞት የሚቀብራት ዕድሩ ነው። ጻፉት!"

እናቴ ወደ ድምፄ ዞረች፤ ቀና ብላ ግን ያየችው ከጎኔ ያለውን መስኮት ነው። ያኔ ነው ዓይኗ ምን ያህል እንደሄደ የገባኝ። ከሦስቱ አንደኛው፣ ዝም ብሎ የቆየው፣ "ይጣራ" አለ። ወደ ቀበሌው ተመልሶ ይጣራ። የሚያጣራው ማን ነው? ያው ኮሚቴ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ይዛ ሄደች። በራችን ላይ ስንደርስ "ሰው በራሱ ላይ አያሟርትም" አለችኝ። "እንዲህ ከምትይ እኔ ብታወር ይሻለኝ ነበር።"

ሰብሳቢውን ያገኘሁት በእሑድ ነው፣ ከሱቅ ጥግ ዳማ ሲጫወት። ሰው መሀል እንዳልጮህ ነው መሰለኝ ቶሎ ተነስቶ ወደ እኔ መጣ።

"ወንድሜ ቢኖር ይህን ታደርጋለህ?" አልኩት።

"ወንድምሽን አታንሺብኝ።"

"አንተ ነህ እጇን የያዝካት። አፌ በላው ስትል ሰምተሃል። የማትለውን ነገር እያወቅህ ነው የጠየቅሃት።"

ወዲያና ወዲህ አየ። "ስሚ" አለኝ፣ "ግምገማ ላይ ያሉትን አልሰማሽም። ለጎረቤቱ ይጽፋል፣ ለዘመዱ ይጽፋል ተብዬ ነው የቆምኩት። ለእናንተ ብጽፍ፣ የሚስቱን ቀሚስ ስለጠለፈችለት ነው ይሉኛል።"

"እንግዲያው የከለከልከን ስለምታውቀን ነው?"

"ስለማውቃችሁ ነው" አለ። የዋህ ነገር አስመስሎ ነው ያለው። ለማያውቀው ሰው ግን ጽፏል፤ ከሌላ ሰፈር መጥተው ቤት የተከራዩ፣ እንጀራቸው ከእኛ የሚሻል ሰዎች ደብዳቤ ይዘው ሲወጡ አይቻለሁ። ይህንንም ነገርኩት። ዳማ ተጫዋቾቹ "ኧረ ተራህ ደረሰ!" ብለው ጠሩት። ሄደ።

ከዚያ በኋላ ምን አስቦ እንደሆነ አላውቅም። ጥምቀት አልፎ፣ ጾም ገብቶ፣ ደብዳቤው ወጣ። "ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው መሆኑ በኮሚቴው ስለተረጋገጠ" ይላል፤ በአዲሱ ማኅተም፣ በእሱ ፊርማ። እናቴ ምን እንደሚል ስትጠይቀኝ "ይታከሙ ይላል" አልኳት። ሐሰት አይደለም።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድን። ያ ወጣት ሐኪም አሁንም እዚያው ነው። ቀኙን ዓይኗን በመብራት አየ፣ ግራውን አየ፣ መልሶ ቀኙን አየ። ለእሷ "ጎበዝ እማማ" አላት። እኔን ወደ በሩ ጠርቶ፣ ቀኙ ከጠፋ ከረመ አለኝ፤ ግራው ብርሃንና ጨለማን ይለያል እንጂ ከዚህ በኋላ ቀዶ ሕክምናው የሚያተርፈው ነገር የለም። "ምነው፣ ቶሎ ብዬ አልነበር?" አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ የምመልሰው አላጣም ነበርና። ደብዳቤውን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እናቴ ከውስጥ "ምን አለ?" ስትል፣ "ጠብታ እንቀጥል አለ" አልኳት። ጠብታው አሁን በነፃ ነው። ለሁለቱም ዓይን አደረግንላት።

ይህ በሆነ በሳምንቱ ይመስለኛል ሰብሳቢው ቤታችን መጣ። በሩ ክፍት ነበር፤ እኔ እተኩሳለሁ። "እንደምን ዋላችሁ፣ ወጣላችሁ አይደል ወረቀቱ?" እያለ ገባ። ድምፁ ደስታ ነበረው። የሆነ ነገር ያስተካከለ ሰው ድምፅ ነው።

እናቴ በድምፁ አወቀችው። ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ ነጠላዋን አስተካከለች። "ግባ፣ ግባ፣ እንኳን ደህና መጣህ" ብላ እጇን ዘረጋች። የዘረጋችው ወደ ቁም ሳጥኑ ነው። እሱ ከበሩ በኩል ቆሟል።

ዓይኗ መጥፋቱን አልነገረውም ነበር ማንም። ፊቱን አየሁት። ወደ እኔ አየ፤ እኔም ካውያዬን ሳላስቀምጥ አየሁት። ከዚያ ጫማውን ሳያሰማ በአልጋው ጥግ ዞሮ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደ፤ እጇ በተዘረጋበት ቦታ ልክ ቆመና በሁለት እጁ ያዛት። እንዳልተሳሳተች እንድታስብ ነው።

"እጅህ ቀዝቅዟል" አለችው።

"ብርድ ነው እማማ።"

"ዓይንዎ እንዴት ነው አትለኝም?"

"እንዴት ነው?"

"ተመስገን" አለች እናቴ። "አንቺ፣ ለልጄ ወንበር ስጪው።"

ይህን ማድረጉን አይቻለሁ፤ አላየሁም አልልም። ሰው ስለ እሱ ደግ ሲያወራ ዝም የምለውም ለዚህ ነው። የዚያን ቀን ግን ካውያዬን በቦታው አስቀምጬ ወንበር ሰጠሁት። ሌላ ምንም አልሰጠሁትም።